ከዱባይ ጓንዡ ስንት ሰዓት ነው?

ቁጥሩን አስቀድሜ ልስጣችሁ። ከዱባይ ቻይና ያለችው ጓንዡ ድረስ በአየር ወደ 5,830 ኪሎ ሜትር ነው። ሲኬድ ሰባት ሰዓት ከሩብ ግድም ይፈጃል፣ ሲመጣ ደግሞ ስምንት ሰዓት ተኩል ወይም ትንሽ ዘለል ይላል። ለዚህ ብቻ ከሆነ የመጣችሁት እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። እኔ ግን አታቁሙ እላለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ለመንገደኛው ግን ብቻውን ብዙም አይፈይድለትም።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ። ከአዲስ አበባ ጫፍ ነን፣ አቧራውም ጭቃውም በየወቅቱ ይጎበኘናል። ግን ሰፈራችን ውስጥ ዱባይ ዘመድ የሌለው ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ዱባይ ደርሶ፣ እህቱን አይቶ፣ ዴይራ ገበያ ተዘዋውሮ፣ "እዚህ ድረስ ከመጣሁማ" ብሎ ጓንዡ የሚዘልቅ ነጋዴ በዝቷል። ቲኬቱ በቴሌግራም ይላክለትና ሊያሳትም እኔ ጋ ይመጣል። ወረቀቱን ካሳተመ በኋላ ግን አይሄድም። ቆሞ ያነበዋል። ከዚያ ጥያቄ ይጀምራል።

የልጆች ልብስ የምትነግድ አንዲት እናት ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ በጣቷ ስትቆጥር ቆየችና፣

"አንተ ልጅ፣ ስሄድ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ስመለስ አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ምነው፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው እንዴ?"

"አይ እትዬ፣ እንደውም መመለሻው ነው የሚረዝመው።"

"ወረቀቱ እንዲያ አይልማ!"

እውነቷን ነው፣ ወረቀቱ እንዲያ አይልም። መሄጃው ላይ ከዱባይ 10:30 ይነሳል፣ ጓንዡ 21:45 ይደርሳል። ቀንሱት፣ 11 ሰዓት ከ15 ነው። መመለሻው ላይ ከጓንዡ 00:10 ይነሳል፣ ዱባይ 04:50 ይገባል። 4 ሰዓት ከ40። እንዲህ የሆነው ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁሌም የዚያው የከተማው ሰዓት ስለሆነ ነው። መነሻው በዱባይ ሰዓት፣ መድረሻው በጓንዡ ሰዓት። ጓንዡ ከዱባይ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ሲሄዱ ያልተበረረ አራት ሰዓት ይጨመራል፣ ሲመለሱ አራት ሰዓት ይሰወራል።

እኔ ለሰው የማሳየው ዘዴ ቀላል ነው። ሁለቱንም ወደ እኛ ሰዓት መልሱ፣ ከዚያ ቀንሱ። ዱባይ ከኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ጓንዡ አምስት ሰዓት። መሄጃው 10:30 በዱባይ ማለት አዲስ አበባ 9:30፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:30 ነው። 21:45 በጓንዡ ማለት አዲስ አበባ 16:45፣ ማለትም ከቀኑ 10:45። ከ3:30 እስከ 10:45 ስንት ነው? ሰባት ሰዓት ከሩብ። አለቀ። መመለሻው ደግሞ አዲስ አበባ ምሽት 1:10 ሲሆን ይነሳና ሌሊት 9:50 ሲሆን ዱባይ ያርፋል። ስምንት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ይህን ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት። "እንደዚህ ብለው ለምን አይጽፉትም?" አለች። እኔም አላውቅላቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው በረራ የሚያመልጠው በዚህ ነው። 00:10 ላይ አደራ። ቲኬቱ "ረቡዕ 00:10" ካለ፣ በኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 6:10 ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ። እኛ ቀኑ በንጋት ይጀምራል ብለን ነው ያደግነው፣ ሌሊቱ የማታው ተከታይ ነው። ፈረንጅ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ይቀይራል። የኛ ብሎክ ልጅ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የጓንዡውን ባይዩን ኤርፖርት ሄዶ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው መሆኑን እዚያ ነው የሰማው። አዲስ ቲኬት ገዝቶ መጣ። ዋጋውን ሲነግረኝ የኔ ሆድ ነው የባሰው።

አሁን ወደ ኪሎ ሜትሩ እንምጣ። 5,830 የሚባለው እንዴት ተገኘ? ማንም መንገዱን አልለካውም። የሁለቱን ከተሞች አቀማመጥ ይዘው በመሬት ክብ ገጽ ላይ አጭሩን መስመር ያሰላሉ፣ በቃ። የልጆች ሉል ካላችሁ ዱባይ ላይ ክር ይዛችሁ ጓንዡ ድረስ ወጥሩት። ክሩ የሚሄድበት ቦታ ይገርማችኋል። ዱባይና ጓንዡ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፣ አንዷ 25 ዲግሪ ሌላዋ 23 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ላይ ስታዩት መንገዱ አግድም ቀጥ ያለ ይመስላል። ክሩ ግን ወደ ሰሜን ይለጠጣል። የፓኪስታንን ደቡብ አቋርጦ፣ ሕንድ ውስጥ ታጅ ማሃል ያለበት አግራ አጠገብ አልፎ፣ ኔፓልን አቋርጦ፣ በሰሜን ምያንማር በኩል ቻይና ይገባል። መሃል ላይ ካርታው ላይ ካሰመራችሁት መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይርቃል።

በነገራችን ላይ በዚህ መንገድ ላይ ሰዓት አክባሪ ሰው ሊያብድ ይችላል። ከግሪንዊች ብንነሳ ዱባይ በአራት ሰዓት ትቀድማለች፣ ፓኪስታን በአምስት፣ ሕንድ በአምስት ተኩል፣ ኔፓል በአምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ፣ ምያንማር በስድስት ተኩል። ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ቻይና ሲገባ በአንድ ጊዜ ስምንት። ቻይና ያን ሁሉ ስፋት ይዛ ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ አገሩን በሙሉ በአንድ የቤጂንግ ሰዓት ነው የምታስተዳድረው።

ክሩ ያሳየን አጭሩን መንገድ ነው እንጂ አውሮፕላኑ የሚሄድበትን አይደለም። አውሮፕላን ተራራም፣ ጎረቤትም፣ ነፋስም ያስጨንቀዋል።

ከተራራው ልጀምር። ከዚህ መስመር በስተሰሜን ሂማላያ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ የቲቤት ደጋ አለ። የመንገደኛ አውሮፕላኖች በተቻለ መጠን ይሸሹታል። ከ10,000 ሜትር በላይ የሚበር አውሮፕላን 4,500 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ምን ያደርገዋል ትሉ ይሆናል። ውስጡ ያለው የአየር ግፊት በድንገት ቢወድቅ ከላይ የሚወርደው የኦክስጅን ጭንብል ለሩብ ሰዓት ግድም ነው የሚበቃው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፓይለቱ ሰው ያለ ጭንብል ወደሚተነፍስበት፣ ወደ 3,000 ሜትር መውረድ አለበት። ቲቤት ላይ ግን መሬቱ ራሱ ከዚያ በላይ ነው። የት ይወርዳል?

ጎረቤቱ ደግሞ ሰማዩን ሊዘጋ ይችላል። ፌብሩዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. ሕንድና ፓኪስታን ሲጋጩ ፓኪስታን የአየር ክልሏን ዘጋች፣ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጁላይ ላይ ነው። ስንቱ በረራ ወደ ደቡብ ዞሮ በባሕር ላይ መሄድ ነበረበት። ከሁሉም የባሰው ግን የታይፔና የሻንጋይ ነገር ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 700 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ታይዋንና ቻይና በፖለቲካ ስለማይነጋገሩ ግን ለአሥርተ ዓመታት ቀጥታ በረራ አልነበረም። ሰው ከታይፔ ተነስቶ ሆንግ ኮንግ ወይም ማካው ይወርዳል፣ እዚያ ሌላ አውሮፕላን ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ተመልሶ ሻንጋይ። በሆንግ ኮንግ በኩል ሲሆን 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሙሉ ቀን። ቀጥታው መስመር የተከፈተው 2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። ኪሎ ሜትሩ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ዓይነት ነበር፣ ያሳጠረው ፊርማ ነው።

ነፋሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚያች እናት ጥያቄ ትክክለኛ መልስ እዚህ ነው ያለው። ከሰዓት አቆጣጠሩ ውጪም ቢሆን መሄጃና መመለሻው እኩል አይደሉም። ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። ወደ ጓንዡ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ሒሳቡን ተመልከቱ። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋሱ 80 ቢሆን፣ ሲሄድ 980 ይሆናል፣ 5,830ውን ስድስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሲመለስ 820፣ ከሰባት ሰዓት በላይ። አንድ ሰዓት ከምናምን በነፋስ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ነፋሱ ደግሞ 80 ላይ አይወሰንም። በታኅሣሥና በጥር፣ እዚያ ብርድ ሲሆን፣ ከሂማላያ በስተደቡብ ወርዶ ልክ በዚህ መንገድ ላይ ይበረታል። በኛ ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ወደ ሰሜን ወደ ቲቤት ማዶ ይሸሻል፣ የመሄጃና የመመለሻው ልዩነትም ይጠባል።

ይህን ነፋስ ቀድሞ የለካው አንድ ጃፓናዊ ነው፣ ዋሳቡሮ ኦይሺ ይባላል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ታቴኖ በሚባል የአየር ጠባይ ጣቢያ ፊኛ እየለቀቀ፣ በመሣሪያ እየተከታተለ፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ነፋሱ እየጠነከረ እንደሚሄድ አየ። ከዚያ ምን አደረገ? ዓለም ያንብበው ብሎ ሪፖርቱን የሁሉም አገር ሰው መግባቢያ እንዲሆን በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ጻፈው! ኤስፔራንቶ የሚያነብ ሰው ደግሞ ስንት ነው? ማንም ልብ አላለውም። በ1944 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቢ 29 ቦምብ ጣዮች ጃፓን ሰማይ ላይ ደርሰው ነፋሱ ሲወረውራቸው፣ ቦምባቸውም ዒላማ ሲስት ጊዜ ነው ብዙዎቹ ነገሩን የተረዱት። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ደንበኛ እየጠበቀኝ እንኳ ሳወራው ጊዜ ይነጉዳል።

አሁን "ሒሳቡ ስድስት ሰዓት ካለ፣ ቲኬቱ ለምን ሰባት ከሩብ ይላል?" የሚል አይጠፋም። ቲኬት የሚቆጥረው አየር ላይ ያላችሁበትን ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከበሩ ከተላቀቀበት ደቂቃ ጀምሮ እዚያኛው በር ላይ እስኪቆም ነው። ወደ መንደርደሪያው መንፏቀቅ አለ፣ ወረፋ አለ፣ መውጣትና መውረድ አለ፣ ሲያርፉ ደግሞ ሰማይ ላይ መዞር ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ አየር መንገዶች ዘገየ እንዳይባሉ መጠባበቂያ ደቂቃ ይጨምራሉ። አጭር በረራ ላይ ነገሩ በደንብ ይታያል። ከሲንጋፖር ኩዋላ ላምፑር 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ቲኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ከምናምን ተብሎ ነው የሚጻፈው። እዚህ መስመር ላይ "በ900 አካፍል" የሚለው ሒሳብ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ከኛ ሰፈር ሲታይስ? ከአዲስ አበባ ጓንዡ ቀጥታ ወደ 8,040 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,520። ዱባይን ጓንዡ ላይ ደምሩት፣ 8,350 ይመጣል። ልዩነቱ 310 ኪሎ ሜትር ብቻ! ሐዋሳ ደርሶ ትንሽ እንደ ማለፍ ነው። እኔ ራሴ ሳሰላው ደግሜ ነው ያሰላሁት። ዱባይ መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ "በዱባይ ዞሬ ስሄድ በጣም ይርቅብኛል" የሚለው ነገር በኪሎ ሜትር ሲታይ ውሸት ነው።

በሰዓት ሲታይ ግን እውነት ነው። ቀጥታው አሥር ሰዓት ገደማ ነው፣ ማታ ተነስታችሁ እየተኛችሁ ትደርሳላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር ከጀመረ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመቱ ነው። በዱባይ ሲሆን አራት ሰዓት ግድም፣ ከዚያ ጥበቃ፣ ከዚያ ሰባት ከሩብ። ጥበቃው ሦስት ሰዓት ከሆነ ጥሩ ነው። አሥራ ሁለት ከሆነ ወለል ላይ ጋቢ አንጥፎ መተኛት ነው። ርካሽ ቲኬት ብዙ ጊዜ ርካሽ የሚሆነው ጥበቃው ላይ ነው።

ሁለት ለየብቻ የተቆረጠ ቲኬት ያላቸው ደግሞ ይጠንቀቁ። ብዙ ነጋዴ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ዱባይ ያለች እህቱ ትገዛለታለች። በዋጋ ያዋጣል፣ አልክድም። ግን ሻንጣው ጓንዡ ድረስ አይሄድም፣ ዱባይ ላይ ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ታስመዘግባላችሁ። ለዚያ ደግሞ ወደ ዱባይ መግባት አለባችሁ፣ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፣ ገንዘባችሁንም አይመልስም። በአንድ ቲኬት ላይ የተጻፈ ከሆነ ግን ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ መፈለግ የነሱ ሥራ ነው። ሌላም አለ። አንዳንዱ ርካሽ በረራ የሚያርፈው ሻርጃ ነው። ሻርጃ ለዱባይ ቅርብ ናት፣ ኤርፖርቷ ግን ሌላ ነው። ሻርጃ ወርዶ ከዱባይ መነሳት ማለት በመሃል ታክሲ፣ ኢሚግሬሽንና የመኪና መጨናነቅ አለ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የከተማውን ስም ብቻ ሳይሆን የኤርፖርቱ መለያ የሆኑትን ሦስት ፊደላት አስነብቡ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ዱባይ የምታዩት ሰው ወይም የምትገዙት ዕቃ ካለ በዱባይ ሂዱ፣ ጥበቃውን ወደ ሁለት ሦስት ቀን አስረዝሙትና ሥራችሁን ሥሩበት። ከሌለ ቀጥታውን ግዙ። አንዳንዱ ደግሞ ጓንዡም መሄድ የለበትም። ዱባይ ድራገን ማርት የሚባለው ገበያ ውስጥ ያለው ዕቃ ከቻይና የመጣ ነው። ትንሽ ዕቃ ለሚያመጣ ሰው ሰባት ሰዓት ከሩብ ሄዶ ስምንት ተኩል መመለስ ከነሆቴሉ ላያዋጣው ይችላል። ብዙ የሚያመጣ፣ ፋብሪካ ማነጋገር የሚፈልግ፣ ወይም እዚያው ጓንዡ በጸደይና በመኸር የሚደረገውን የካንቶን የንግድ ትርኢት ማየት የሚፈልግ ግን መሄድ አለበት። ትርኢቱ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ በዚያ ሰሞን ግን ሆቴሉም ቲኬቱም ዋጋው ሰማይ ይነካል።

ከኮዬ ቦሌ ያለውን ደግሞ አትርሱ። ጎግል ካርታ ቀለል አድርጎ ያሳያችኋል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ጎሮ ጋ ከተቆለፈ ሁለት ሰዓት ነው። ሌሊት ከሆነ ራይድ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ይጥራ፣ ሾፌሩ "የት ነው ያላችሁት? ኮዬ?" ብሎ የሚሰርዘው ብዙ ነውና። የሰፈር ላዳ ያለው ሰው ማናገር ይሻላል። በዋዜማው ቀጥሩት፣ ጠዋት ደውሉለት፣ ማታም ደግማችሁ ደውሉለት። እትዬ ባለፈው ለሾፌሯ "ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት" ብላ ቀጠረችው፣ እሱ ደግሞ "የየትኛው ቀን?" ብሎ ጠየቃት። ጎበዝ ሾፌር ነው፣ ስልኩን የፈለገ ሱቄ ይምጣ።